ደሙን አፈር ማልበስ

ኮሎራዶ ተራራ ላይ ያደንኩትን የአጋዘን ሥጋ ለወዳጅ ዘመድ ሳካፍል፣ ከምስጋናው ቀድሞ የሚመጣው «ማን ባረከው?» የሚል ጥያቄ ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። በሥላሴ ስም ያልታረደ፣ ደሙ ያልፈሰሰ ሥጋ በክት ነው ተብለን ያደግን ሰዎች ነን። ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም ጉባኤ ከአሕዛብ ወገን ላመኑት ሸክሙን ሲያቀሉላቸው፣ ከደምና ታንቆ ከሞተ እንዲርቁ ማዘዛቸውን አልተዉም። እኔ ግን ቢላዋ ይዤ ስደርስ የእንስሳው ነፍስ ወጥታለች። ታዲያ ይህ ሥጋ ምን ይባላል?

አንዳንድ ወንድሞች «በስመ አብ ብዬ ነው የተኮስኩት» ብለው ነገሩን ይዘጉታል። እኔን አያጠግበኝም። ምላጭ መሳብና ማረድ አንድ አይደሉም። መልሱን ያገኘሁት በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ነው። ምዕራፉ የቤት እንስሳ የሚያርድ ሰው ወደ መገናኛው ድንኳን ደጃፍ እንዲያመጣው ካዘዘ በኋላ፣ ቁጥር 13 ላይ ወደ አዳኙ ይዞራል፤ የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ አፈር እንዲያለብሰው ያዛል። በዱር መሠዊያም ካህንም የለም። ደሙ ግን እዚያም ቢሆን የአዳኙ አይደለም። ሥጋው ተፈቅዶለታል፤ ሕይወቱ የሰጪው ነው። ዘዳግም 14 ደግሞ ዋላንና ሚዳቋን ከሚበሉት ይቆጥራል፤ የኮሎራዶው አጋዘንም ሰኮናው የተሰነጠቀ፣ የሚያመሰኳ ነው።

ሕይወቱ የሌላ ከሆነ አዳኙ ዕዳ አለበት፤ ዕዳው የሚጀምረውም ከፍለጋው ነው።

ሚዩል ዲር የሚባለው ይህ ጆሮ ትልቁ አጋዘን በጥቅምት በቀላሉ አይገኝም። የበሰለው ወንድ ወደ ሰሜን በዞረው ተዳፋት፣ ጥቅጥቅ ባለው ጥድ ውስጥ ተኝቶ ይውላል፤ የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። እኛም ብርቱካናማ ሰደርያችንን ለብሰን ሳይነጋ ሸንተረሩ ላይ እንወጣና ጥላ ጥላውን በመነጽር እንቃኛለን። ሙሉ እንስሳ የሚፈልግ ዓይን ምንም አያይም፤ የሚታየው የጆሮ ጫፍ፣ በቁጥቋጦ መሀል አግድም የተሰመረ ጀርባ፣ ፀሐይ የነካው የቀንድ ቅርንጫፍ ነው። ፀሐይ ስትሞቅ ነፋሱ ሽቅብ መንፈስ ይጀምራል፤ ከታች የሚመጣን አዳኝ ሽታው ይቀድመዋል።

ኅዳር ሲገባ ሁሉም ይለወጣል። የስሪያ ወቅት ነው። ሲደበቅ የከረመው ወንድ አንገቱ አብጦ፣ መብላቱን ትቶ፣ እንደ አሪቲ በሚሸተው ግራጫ ቁጥቋጦ መካከል ሴቶቹን ይከተላል። ሴቶቹን ያገኘ እሱን ያገኛል። ታዲያ እንዲህ ራሱን የሳተን እንስሳ መግደል ነውር አይደለም ወይ? የአገራችን ፎካሪ አዳኝ ነውር የሚለው ይመስለኛል፤ ግዳይ የሚቆጠረው ከነቃና ከሚያስፈራ አውሬ ጋር ተጋጥሞ ነውና። እኔ ግን ክብር የአዳኙ ጉዳይ ነው እላለሁ። አጋዘኑ ከማንም ጋር ውድድር አልገባም። ለእሱ የሚበጀው ፈጣን ሞት ነው፤ ኅዳር ላይ በቅርብ ቆሞ፣ ጎኑን ሰጥቶ የተመታ፣ ጥቅምት ላይ በሩቅ ሲሸሽ ከቆሰለው ይሻላል።

ከተኩሱ በኋላ ያለው ፍለጋ ከፊተኛው ይከብዳል። ሳንባውን የተመታ ጥቂት ሮጦ ይወድቃል፤ ደሙ ደማቅ፣ አረፋ የያዘ ነው። አንጀቱን የተመታ ግን ለረጅም ሰዓት ይሠቃያል፤ ደሙ ጠቆር ብሎ ፈርስ ይቀላቀልበታል። ያን ጊዜ ቶሎ ተከትሎ ማስበርገግ ሌላ ሸለቆ ያሻግረዋል። ሰዓታት መታገሥ፣ ከዚያ ጠብታ በጠብታ መከተል፣ ከመሸም ጎህ ሲቀድ መመለስ ግዴታ ነው።

ስደርስ ከጀርባው ቀርቤ ዓይኑን በእንጨት ጫፍ እነካለሁ፤ ካላርገበገበ ሞቷል። በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብዬ ደረቱን ስከፍት የተጠራቀመው ደም ይደፋል፤ ገና ትኩስ ነው፣ እንፋሎት ያወጣል። አፈሩን ብርድ ስለሚያደርቀው በቢላዋው ጫፍ እየፈለፈልኩ በእጄ አለብሰዋለሁ። ጭንቅላቱን ለምርመራ እሰጣለሁ፤ ክሮኒክ ዌስቲንግ ዲዚዝ የሚባለው የአጋዘን የአንጎል በሽታ መጀመሪያ የታየው እዚሁ ኮሎራዶ፣ በ1967 እ.ኤ.አ. ነውና ውጤቱ ሳይመጣ ለማንም አላካፍልም። ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ነው፤ የምንቀምሰው በገና ነው።

ዘንድሮ የአደን ፈቃድ ዕጣ ለወጣላችሁ ወገኖቼ የምለምናችሁ ይህን ነው፦ ጠመንጃችሁን ወቅቱ ሳይከፈት ኢላማ ላይ ፈትሹ፤ ከምታምኑበት ርቀት አትለፉ፤ ከተጠራጠራችሁ አትተኩሱ። የቆሰለ እንስሳ ጥላችሁ የምትወርዱ ከሆነ ግን ፈቃዱን ባታወጡ ይሻላል።