«ለምዶታል» የሚባለው ሰው

ከጣርማ በር ተነሥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3000 ሜትር ከፍታ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ጋቢው ከትከሻው ይወርዳል፤ ግንባሩ ያልባል። የውስጥ አካሉ ሙቀት ግን ከላይም ከታችም ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ አይርቅም።

አናቶሚ የሰው አካል ከምን ከምን እንደተገነባ ይመረምራል፤ ፊዚዮሎጂ የተገነባው አካል እንዴት እንደሚሠራ ይጠይቃል። ክሎድ በርናር በ19ኛው መቶ ዓመት ያስተዋለው፣ ዋልተር ካነን በ1926 እ.ኤ.አ. ሆሚዮስታሲስ ብሎ የሰየመው የውስጥ ሚዛን የዚህ ጥናት እምብርት ነው። ሚዛኑ ግን ያለ ድካም የሚገኝ ጸጋ አይደለም። በሮቢት ማሳ ጎንበስ ብሎ ሽንኩርት የሚኮተኩተው ገበሬ ከመሬቱ ጋር ሲታገል፣ አካሉም በውስጡ ሌላ ሥራ ይሠራል። በአንጎሉ ውስጥ ያለው ሃይፖታላመስ የደሙን ሙቀት ይከታተላል፤ ከቆዳው ሥር ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ልቡ ምቱን ያፈጥናል፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ የላብ ዕጢዎች ውኃና ጨው ያፈልቃሉ። ከቆዳ ላይ የሚተን አንድ ሊትር ላብ 580 ኪሎ ካሎሪ ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል።

ስለ ቆላ ሰው ሲነሣ ብዙ ጊዜ «ለምዶታል» ይባላል። ቃሉ እውነት አለውን? አለው። ከደጋ የወረደ ሠራተኛ በአንድና በሁለት ሳምንት ውስጥ አካሉ ሙቀቱን ይማራል፤ ላቡ ቀደም ብሎ ይመጣል፣ ጨውነቱ ይቀንሳል፣ የልቡም ምት ይረጋጋል። ወባ ደጋግሞ የያዘው ሰውም ከፊል መከላከያ ያዳብራል፤ ይሁንና መከላከያው የተገኘው በትኩሳትና በሕይወት ዋጋ ነው፤ ወባው በወቅት በሚመጣበትና በሚሄድበት ስፍራም አስተማማኝ አይሆንም።

ስሕተቱ የሚጀምረው ከዚህ እውነት የሐሰት ፍርድ ሲወጣ ነው፤ «ለምዶታልና አይጎዳም፤ ጥላም፣ ውኃም፣ አጎበርም አያሻውም» ሲባል። ፊዚዮሎጂ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። ሙቀት የለመደ አካል ከማይለምደው አብልጦ ያልባል፤ ስለዚህም የሚያስፈልገው ውኃ ይበዛል እንጂ አያንስም። መልመድ ማለት ዋጋው ቀረ ማለት ሳይሆን፣ አካሉ ዋጋውን ድምፅ ሳያሰማ መክፈል ቻለ ማለት ነው። ለመክፈልም ወሰን አለው። ውኃ ሲያልቅ፣ ወይም አየሩ ታፍኖ ላቡ መትነን ሲያቅተው፣ የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ያልፋል፤ አእምሮም ይታወካል። በዚያ ደረጃ ጀግንነትም ሆነ ጽኑ ፈቃድ ሚዛኑን አይመልስም። እንግዲህ በቀትር ከዛፍ ጥላ ሥር ያረፈውን ገበሬ ሰነፍ የሚል ደገኛ፣ የአካልን ጥበብ የጠባይ ጉድለት አድርጎ ፈርዷል።

የአካል ክፍሎችን በሥዕል የሚያስተምር መምህር፣ ሥራን የሚመራ ኃላፊ፣ የገበሬውን ጽናት የሚያወድስ ከያኒ ሁሉ በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው። ጽናትን ማወደስ መልካም ነው፤ ውዳሴው ሸክሙን ለማቅለል ሳይሆን በሸክሙ ላይ ለመጨመር ሲያገለግል ግን ግፍን ያስጌጣል። የሰው አካል ሁሉን የመሸከም ችሎታው፣ ኅብረተሰቡ ምን ሊያሸክመው እንደሚገባ አይወስንም። ያንን የሚወስነው ኅሊና ነው።