ሩጫውን ያቋረጠ ሰው እንዴት ይመለሳል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

በአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ክፍል፣ ከቦሌና ከየካ ተከፍሎ በ2013 ዓ.ም. በተቋቋመው በለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ የምንኖር ካህናት፣ ለኪዳን ጸሎት ማልደን በምንወጣበት ሰዓት በየዕለቱ የምናየው አንድ ነገር አለ። ይኸውም ገና ጎሕ ሳይቀድ፣ ከአያት ወደ ጣፎ በሚወስደው መንገድ ወጣቶች ወንዶችና ሴቶች በተርታ ሆነው ሲሮጡ ነው። እኛ መቋሚያችንን ይዘን በቀስታ ስንሄድ እነርሱ ያልፉናል፤ ሲያልፉም «አባታችን ይባርኩን» የሚሉ አሉ። እኛም በልባችን፣ «እነዚህ ልጆች ለሚጠፋ ሽልማት ሲሉ እንዲህ እንቅልፋቸውን ካሸነፉ፣ ለማይጠፋው አክሊል የተጠራን እኛ ምን ያህል ልንተጋ ይገባናል?» እያልን እንሄዳለን።

ከነዚህ ሯጮች አንዱ የንስሓ ልጃችን ነው። ይህ ወጣት ከ1994 ዓ.ም. ጀምሮ በየዓመቱ በኅዳር ወር በከተማችን ሲደረግ በቆየው በ10 ኪሎ ሜትሩ ታላቅ ሩጫ ለመወዳደር ክረምቱን ሁሉ ሲለማመድ ከረመ። ዳሩ ግን መስከረም ሲጠባ ተስቦ ያዘውና አምስት ሳምንት ተኛ። ከአልጋው እንደ ተነሣ፣ «የደከምሁበት ለምን ከንቱ ይቀራል?» ብሎ ከቀድሞ ባልንጀሮቹ ጋር በፊተኛው ረድፍ ተሰለፈ። ከመንገዱ እኩሌታ በኋላ ጉልበቱ ከዳው፤ ቀድሞ ከኋላው ይከተሉት የነበሩት ሁሉ አልፈውት ሄዱ፤ እርሱም የቀረውን እየተራመደ በብዙ ኀፍረት ፈጸመ።

ነገሩ በዚህ ብቻ ቢቀር ኖሮ ለትምህርት ባላነሣነውም ነበር። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ልጁን በመንገዱም በቤተ ክርስቲያኑም አጣነው። ጾመ ነቢያት ገባ፤ አልመጣም። ልደትም ጥምቀትም አለፈ፤ አልመጣም። በኋላ በመንገድ ላይ አግኝተነው ብንጠይቀው፣ መስቀል ተሳልሞ አንገቱን እንደ ደፋ እንዲህ ሲል መለሰልን፦ «አባቴ፣ በታመምሁ ጊዜ የተውሁት ሩጫውን ብቻ አይደለም። ጸሎቱንም፣ ስግደቱንም፣ ቅዱስ ቁርባኑንም ትቻለሁ። ከዳንሁ በኋላ ወደ ሩጫው በድፍረት ተመለስሁና በሰው ፊት አፈርሁ። እንግዲህ ወደ እግዚአብሔር ብመለስ ይኸው ኀፍረት አይደለምን? እንደ ቀድሞው ካልሆንሁ ባልጀምረው ይሻላል።»

ይህ የመጨረሻው ቃል እንቅልፍ ነሣን። ብዙ ምእመናን ከቤተ ክርስቲያን ርቀው የሚቀሩት እምነትን ክደው ሳይሆን በዚሁ ሐሳብ ተይዘው ነውና። በሕመም፣ በስደት፣ በኀዘን ወይም በሥራ ብዛት መንፈሳዊ ልምምዳቸውን ያቋርጣሉ፤ ሊመለሱም ሲሞክሩ እንደ ቀድሞው አይሆንላቸውም፤ ከዚህ የተነሣ ተስፋ ቆርጠው ይቀራሉ። ስለዚህ ለዚህ ልጅ የነገርነውን ለአንባብያን ሁሉ ልንጽፍ ወደድን።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ሲጽፍ የክርስቲያንን ኑሮ በሩጫ መስሎታል። ይህንም ምሳሌ የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። በቆሮንቶስ አጠገብ በየሁለት ዓመቱ ታላቅ ውድድር ይደረግ ነበርና፤ ያሸነፈውም የሚሸለመው ከዛፍ ቅጠል የተጎነጎነ፣ በጥቂት ቀን የሚጠወልግ አክሊል ነበር። ሐዋርያው ግን ያደነቀው አክሊሉን ሳይሆን ሯጩ ሰውነቱን የሚገዛበትን ልምምድ ነው። ልምምድ ደግሞ ሲያቋርጡት የሚጎድል ነገር ነው። የሕክምና ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ሯጭ ልምምዱን ትቶ ሁለት ሳምንት ያህል ሲቈይ በሥሮቹ የሚመላለሰው ደም መጠኑ ይቀንሳል፤ የልቡም ኃይል መድከም ይጀምራል። ነፍስም እንዲሁ ናት። ጸሎት የተወ ሰው ጸሎት ቢጀምር ቃሉ በአፉ ይከብደዋል፤ ሐሳቡም ይበተንበታል። ይህ የልምምድ መጓደል ምልክት ነው እንጂ እግዚአብሔር ጥሎናል የሚያሰኝ ምልክት አይደለም።

ለዚህ ነገር ምስክር የሚሆነን ከራሳችን ወገን አለ። በአርሲ በበቆጂ የተወለደው ሯጭ ቀነኒሳ በቀለ ከ1995 እስከ 2001 ዓ.ም. በ10,000 ሜትር አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን ሆኗል፤ በአቴናና በቤይጂንግ ኦሊምፒክም በዚሁ ርቀት ወርቅ አግኝቷል። ነገር ግን በ2002 ዓ.ም. በባቱ ላይ ጉዳት ስለ ደረሰበት ከአንድ ዓመት ተኩል በላይ ከውድድር ራቀ። ነሐሴ 22 ቀን 2003 ዓ.ም. በደቡብ ኮርያ በዳጉ ከተማ በተደረገው የዓለም ሻምፒዮና ክብሩን ሊያስጠብቅ ተሰለፈ። እስከዚያ ቀን በዚህ ርቀት ያሸነፈው አልነበረም። በዚያን ዕለት ግን ዐሥር ያህል ዙር ሲቀረው ከመሮጫው ወጣ፤ ዓለምም ሁሉ አየው። ድሉንም ሌላው ኢትዮጵያዊ ኢብራሂም ጄይላን ወሰደ።

ከዚህ በኋላ ነሐሴ አለቀ፤ ያ ዓመት ዘመነ ሉቃስ ነበርና ጳጉሜን ስድስት ቀን ሆና አለፈች፤ ቅዱስ ዮሐንስም ገባ። መስከረም 5 ቀን 2004 ዓ.ም. ቀነኒሳ በብራስልስ ከተማ ያንኑ 10,000 ሜትር በ26 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። በዚያ የአውሮፓውያን ዓመት በዓለም ከተሮጡት ሁሉ የፈጠነው ይህ ነበረ። በሁለቱ ሩጫዎች መካከል የነበረው ጊዜ 19 ቀን ብቻ ነው። እንግዲህ በዳጉ ተስፋ ቆርጦ ጫማውን ቢሰቅል ኖሮ፣ ድሉ 19 ቀን ያህል ቀርቦ ሳለ በቀረበት ነበር። እኛስ ከንስሓ ስንርቅ የእግዚአብሔር ቸርነት ስንት ቀን እንደ ቀረበን እናውቃለንን?

ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ተመልሷልና ከዚያ ወዲያ ድካም አላገኘውም ማለት አይደለም። በዚያው ዓመት ሐምሌ በለንደን ኦሊምፒክ አራተኛ ወጣ። እንደ ገና ጉዳት አገኘው፤ እንደ ገናም ተነሣ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም በበርሊን ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ፤ ከዚያን ጊዜው የዓለም ክብረ ወሰን የጎደለው ሁለት ሰከንድ ብቻ ነበረ። መመለስ አንድ ቀን ተደርጎ የሚያበቃ ነገር አይደለም፤ ዕድሜን ሁሉ የሚፈልግ ሥራ ነው። ንስሓም እንዲሁ ነው።

ከዚህ የምንማረው ሦስት ነገር ነው።

መጀመሪያው፣ የወደቅንበትን ምክንያት በእውነት መመርመር ነው። በሕመም የተቋረጠ ልምምድ ሌላ ነው፤ በስንፍና የተቋረጠ ሌላ ነው። በሕመም ያቋረጠ ሰው ራሱን እንደ ወንጀለኛ ሊኰንን አይገባውም፤ በስንፍና ያቋረጠ ደግሞ ሕመምን ሰበብ ሊያደርግ አይገባውም። ሁለቱን የሚለይልን ለካህን የሚነገር እውነተኛ ኑዛዜ ነው። ያ ልጃችን ያጠፋው በመታመሙ አይደለም፤ አምስት ሳምንት እንዳልተኛ ሰው በፊተኛው ረድፍ በመሰለፉ ነው።

ሁለተኛው፣ ካለንበት መጀመር ነው እንጂ ከነበርንበት አለመጀመር ነው። በዚህ ነገር የራሳችንን ኀፍረት ብንናገር አይከፋም። በዜማ ቤት ተማሪ ሳለን ጾመ ድጓን ጨርሰን ወደ ድጓው ገብተን ነበር። ወባ ያዘንና አንድ ዓመት በቤተ ሰባችን ዘንድ ቆየን። ስንመለስ ባልንጀሮቻችን ርቀው ሄደው ነበርና፣ ታናሽ መሆንን ፈርተን ከእነርሱ ጋር ተቀመጥን። ቀጸላው ለእኛ በደረሰ ጊዜ ግን ዜማው ከጉሮሮአችን አልወጣ አለ። የኔታም ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ ዜማው ፈጽሞ አልጠፋብህም፤ ትዕቢትህ ሸፈነው። ሂድና ከሕፃናቱ ጋር ከጾመ ድጓው መጀመሪያ ተቀመጥ» አሉን። ደበሎ የለበሱት ትንንሾች ሲሣቁብን፣ ሦስት ቀን ቁራሽ ለመለመን እንኳ ከጎጆአችን አልወጣንም፤ ጓዛችንንም ጠቅልለን ነበር። በአራተኛው ቀን ራበንና ወጣን፤ ከሕፃናቱም ጋር ተቀመጥን። ያ ዓመት ሳያልቅ ባልንጀሮቻችንን ደረስንባቸው። ዛሬ በማኅሌት የምንቆመው በዚያ በአራተኛው ቀን ነው።

ሦስተኛው፣ አንዱ ቢቋረጥ ሌላውን መያዝ ነው። ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሊምፒክ የሚደረግ ሦስት ነገር ያለበት ውድድር አለ። ተወዳዳሪው 1,500 ሜትር ይዋኛል፤ 40 ኪሎ ሜትር በቢስክሌት ይጋልባል፤ በመጨረሻም 10 ኪሎ ሜትር ይሮጣል። ለዚህ የሚለማመዱ ሰዎች እግራቸው ታሞ መሮጥ ቢከለከሉ በዋናው ልባቸውንና ሳንባቸውን ያጸናሉ፤ ሁሉንም አንድ ጊዜ አይተዉም። ለእኛም ጾም፣ ጸሎትና ምጽዋት ተሰጥተውናል። ፍትሐ ነገሥታችን ለታመመ ሰው ጾምን ያቀልለታል፤ በአልጋው ላይ ሆኖ እንዳይጸልይ ግን ማንም አልከለከለውም። መስገድ ያልቻለ ይመጽውት፤ የሚመጸውተው ያጣ ይጸልይ፤ ረጅም ጸሎት ያልቻለ አቡነ ዘበሰማያትን ይድገም። ያ ልጃችን በተኛባቸው አምስት ሳምንታት አንዲቱን እንኳ ይዞ ቢሆን ኖሮ፣ የሚመለስበት መንገድ እንዲህ ባልራቀበትም ነበር።

እስካሁን የተናገርነው ላቋረጠው ሰው ነው። ለእኛ ለካህናትና ሳናቋርጥ ለቆየን ምእመናን ደግሞ የሚነገር አለ። በነሐሴ 1996 ዓ.ም. በአቴና በተደረገው የ10,000 ሜትር ሩጫ፣ በሁለት ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በተረከዙ ጅማት ሕመም ልምምዱ ተቋርጦበት ተሰልፎ ነበር። ታናናሾቹ ቀነኒሳ በቀለና ስለሺ ስኅን ከፊት ሲመሩ፣ ኃይሌ ወደ ኋላ ሲቀርባቸው ዘወር እያሉ ያዩት ነበር፤ እንዲደርስባቸውም ርምጃቸውን አቀዘቀዙ። ኃይሌ በመጨረሻ አምስተኛ ሆነ። ያች ዕለት ግን የምትታወሰው በወርቁ ብቻ ሳይሆን ወደ ኋላ በተመለከቱት በእነዚያ ዓይኖች ነው። ኃይሌም ከአራት ዓመት በኋላ በበርሊን ማራቶንን ከ2 ሰዓት ከ4 ደቂቃ በታች በመሮጥ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ይህ በመጻሕፍት ካነበብነው ነገር ጋር ይስማማል። ማርቆስ የተባለው ዮሐንስ ከጳውሎስና ከበርናባስ ጋር ለስብከት ወጥቶ ሳለ በጵንፍልያ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመለሰ። በሁለተኛው ጉዞ ጳውሎስ እርሱን መውሰድ አልወደደም፤ በርናባስ ግን ርምጃውን አቀዘቀዘለትና ይዞት ወደ ቆጵሮስ ሄደ። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ጳውሎስ ሩጫውን መፈጸሙን ለጢሞቴዎስ በጻፈበት በዚያው ምዕራፍ፣ ማርቆስ ለአገልግሎት ይጠቅመዋልና እንዲያመጣለት ለመነው። መንገድ ያቋረጠው ያ ወጣት ወንጌላዊ ሆነ፤ የእስክንድርያንም መንበር መሠረተ። ቤተ ክርስቲያናችን በ1951 ዓ.ም. የራሷን ፓትርያርክ እስክታገኝ ድረስ ብዙ መቶ ዓመት ጳጳሳቷን ስትቀበል የኖረችው ከዚሁ መንበር ነው። በርናባስ ዘወር ብሎ ባያይ ኖሮ ምን ያህል ይጎድልብን ነበር! እንግዲህ የጠፋ ሰው ወደ ደጀ ሰላም ሲመጣ «እስካሁን የት ነበርህ?» ብለን ከምናሳፍረው፣ አጠገቡ ሆነን ብንራመድ ይሻላል።

ምናልባት፣ «ፈጽሞ ወደ ቀድሞው ሊመለስ የማይችልስ?» የሚል ይኖር ይሆናል። በሮምና በቶኪዮ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ በ1961 ዓ.ም. ጥቅምት በሜክሲኮ እግሩ ታሞ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ ወጣ፤ በዚያው ዓመት መጋቢት በደረሰበት የመኪና አደጋም እግሮቹ ከመሄድ ቀሩ። እርሱ ግን ፈጽሞ አልተቀመጠም፤ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆኖ በእንግሊዝ አገር በቀስት ውርወራ ተወዳደረ። እግሩ ቢቀር እጁ ነበረውና። እግዚአብሔርም የሚጠይቀን ባለን ነገር ነው እንጂ በሌለን ነገር አይደለም።

ይህን ሁሉ ለልጃችን በአንድ ቀን አልነገርነውም፤ አብረነው እየተራመድን ጥቂት ጥቂት ነገርነው እንጂ። በዐቢይ ጾም መግቢያ መጥቶ ተናዘዘ። እኛም ቀድሞ ይሰግደው የነበረውን መቶ ስግደት ሳይሆን ሰባት ብቻ ሰጠነው። «አባቴ፣ ሰባት አይበዛብኝም፤ ያንሳል» ቢለን፣ «ልጄ፣ ሰባቱን ሳታቋርጥ ስገድ» አልነው። ዛሬ በማለዳ መንገዱ ላይ ከኋለኞቹ ጋር ሲሮጥ እናየዋለን፤ በሰንበትም በቅዳሴ ቆሞ እናየዋለን።

ምእመናን ሆይ! ያቋረጣችሁትን ዛሬ ካላችሁበት ጀምሩ። የሚሮጠውን የሚያበረታ፣ የወደቀውንም የሚያነሣ አምላካችን እግዚአብሔር ሩጫችንን በሰላም ያስፈጽመን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።