ማንም ሳያይ የሚቆጠር ምት

ይቺን ወረቀት ሥራ ጨርሳችሁ፣ ማታ አልጋ ላይ ሆናችሁ እንደምታነቧት ስለማውቅ ብዙ አላስረዝምባችሁም። ዛሬ ስለ አንድ ጨዋታ አውርቼ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ ነው። ሰው የሚያየው በሌለበት ለምን ሐቀኛ ይሆናል? ሐቁን የተቀማ ሰውስ ሐቀኝነት ግዴታው ነው ወይ?

እኔ የምሠራው ከጅዳ ወደ መካ በሚወስደው መንገድ፣ ሹመይሲ አካባቢ ነው። ሹመይሲ ሲባል አብዛኞቻችን ትዝ የሚለን ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች የሚቆዩበት ግቢ ነው። ቦታው ግን ሌላም ታሪክ አለው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ባለፈው የብርድ ወራት አሠሪዎቼ ትንሹን ልጅ እንድይዝላቸው ወደ ጎልፍ ሜዳ ይዘውኝ ሄዱ። ከጅዳ በስተሰሜን ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ተነድቶ፣ ቀይ ባሕር ዳር፣ የንጉሥ አብደላ ኢኮኖሚ ከተማ የሚባል ቦታ ይደረሳል። ሜዳው ሮያል ግሪንስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2020 በሳዑዲ ለመጀመሪያ ጊዜ የዓለም ሴት ጎልፍ ተጫዋቾች የተወዳደሩት እዚያ ነው፤ ኤሚሊ ፔደርሰን የምትባል የዴንማርክ ልጅ አሸንፋለች። ይህን ስሰማ ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ከሁሉ ያስገረመኝ ሣሩ ነው። ዓይኔ እንዲህ ያለ ሣር ካየ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር። ጫማዬን አውልቄ ልረግጠው አማረኝ፤ ግን ልጁን ታቅፌ ቆምኩ። ምግብ ቤቱ፣ ሱቁ፣ ልብስ መቀየሪያው፣ ተጫዋቾቹን የምታመላልሰው ትንሿ የኤሌክትሪክ መኪና፣ ሁሉም ያብረቀርቃል። በኋላ እንደተረዳሁት ጎልፍ ባደገበት በስኮትላንድ ሜዳው እንዲህ የተጌጠ አልነበረም። ሊንክስ የሚሉት በባሕሩና በእርሻው መካከል ያለ፣ ለማረሻ የማይሆን አሸዋማ መሬት ነው፤ ዛፍ የለውም፣ ጉብታና የአሸዋ ጉድጓድ ብቻ። ሴንት አንድሩስ በምትባል ከተማ ያለው አሮጌው ሜዳ ዛሬም የሕዝብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ እሑድ ጨዋታ ቆሞ ማንም ሰው ይንሸራሸርበታል። ዛሬ ግን ከባሕር ርቆም፣ በረሃ ላይም ሳይቀር፣ በብዙ ገንዘብ ያንን የድሃ መሬት መልክ አስመስለው ይሠራሉ።

ወደ ነገሬ ልግባ። ባባ ኳሱን መትቶ ረጅም ሣር ውስጥ ገባበት። ጓደኞቹ ሩቅ ናቸው። እኔ ብቻ ቅርብ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ ስለ ጨዋታው ምንም አላውቅም። ሊመታ ሲዘጋጅ ኳሱ የጥፍር ያህል ተንቀሳቀሰ። ቀና ብሎ ጮክ አለና፣ «ተንቀሳቅሷል፣ አንድ ምት ጨምሩብኝ» አላቸው።

ደነገጥኩ። ይህ ሰው የእኔን የአራት ወር ደሞዝ አልከፈለም።

የጨዋታው ሕግ እንዲህ ነው ብለው ትልቁ ልጅ አስረዱኝ ብል ውሸት ይሆናል፤ ልጁ የነገረኝ ጥቂቱን ነው፣ ሌላውን በስልኬ ፈልጌ ነው ያነበብኩት። ጎልፍ ውስጥ ዳኛ ከእያንዳንዱ ተጫዋች ኋላ አይከተልም። ጥፋትህን ራስህ ትናገራለህ። እ.ኤ.አ. በ1925 ቦቢ ጆንስ የተባለ አሜሪካዊ በአገሩ ትልቅ ውድድር ላይ ማንም ያላየውን ምት በራሱ ላይ ቆጠረ። መጨረሻ ላይ ከሌላው ጋር እኩል ሆነና በድጋሚው ጨዋታ ተሸነፈ። ሰዎች ሲያመሰግኑት፣ ባንክ ስላልዘረፍኩ ታመሰግኑኛላችሁ ወይ ማለቱ ይነገራል። ሌላም ሕግ አለ፦ በውድድር የአንተን ነጥብ የሚጽፈው ሌላው ተጫዋች ነው፤ በመጨረሻ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ።

በዚያው ሳምንት ልብስ ሳጥብ ከባባ ኪስ 500 ሪያል አገኘሁ። ለአንዲት ጓደኛዬ ደውዬ ነገርኳት። «እንኳን 500 ሪያል፣ የአራት ወሩን ብትወስጂ ሐቅሽ ነው፤ እግዜር ነው የሰጠሽ» አለችኝ። እውነት ለመናገር መልስ አጣሁ። እናቴ መድኃኒት እየጠበቀች ነበር። ያንን ብር የወሰደች እህት ብትኖር አልፈርድባትም።

አሁን ሹመይሲ ልመለስ። ይህ ቦታ የጥንት ስሙ ሑደይቢያ ነው። በ628 ዓመተ ምሕረት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነቢዩ ሙሐመድና የመካ ቁረይሾች ውል የተዋዋሉት እዚህ ነው። ሙስሊም እህቶቻችን ታሪኩን ከእኔ በላይ ያውቁታል። ከመካ ያለ አሳዳሪው ፈቃድ የመጣ ይመለሳል የሚል ቃል ነበረበት። ወዲያው አቡ ጀንደል የተባለ ሰው በሰንሰለት እንደታሰረ ከመካ አምልጦ ደረሰ። ልብ ቢሰብርም ቃል ቃል ነውና ተመለሰ። ከሁለት ዓመት በኋላ የቁረይሽ ወገን ውሉን ሲያፈርስ ግን ውሉ ሌላውን ወገን ብቻውን አላሰረውም።

ከዚህ የተማርኩት፣ ውል የሁለት ወገን ነው። እሱ ውሉን ካፈረሰ እኔም የመጠየቅ፣ የመክሰስ፣ ሥራ የማቆም መብት አለኝ። ብሩን በስውር ብወስድ ግን ያ ሁሉ መብቴ «ሌባ» በምትል አንዲት ቃል ይሰረዛል፤ ተበዳይ ሆኜ ሳለ ባለዕዳ እሆናለሁ። ከዚያም በላይ፣ ማታ ስተኛ አብራኝ የምታድረው እኔው ነኝ። ሐቀኝነቴ ለባባ የምሰጠው ስጦታ አይደለም።

ነገር ግን ሐቀኛ መሆን ዝም ማለት አይደለም። ብሩን በአንድ እጄ፣ የቀን መቁጠሪያ ደብተሬን በሌላው ይዤ ቀረብኩ። «ባባ፣ ይኸው ከኪስዎ የወጣ 500 ሪያል። ይኸው ደግሞ ያልተከፈለኝ የአራት ወር ደሞዝ፣ በቀን በቀኑ ተጽፏል። እዚያ ሜዳ ላይ አንድ ምት ቆጥረዋል፤ እነዚህን አራቱንም ይቁጠሩልኝ» አልኩት። ብዙ ዝም አለ። በማግስቱ የሁለት ወሩን ከፈለኝ። የቀረው ሁለት ወር ገና ነው፤ ደብተሩ ላይ አለ።

እህቶቼ፣ የእኛ ጨዋታ ጉድለቱ ካርዱን አንድ ሰው ብቻ መያዙ ነው። ከ2024 ጀምሮ የቤት ሠራተኛ ደሞዝ በእጅ ሳይሆን በባንክና በስልክ መንገድ እንዲከፈል በደረጃ መደንገጉ ለዚህ ይረዳል። እስከዚያው ግን ደብተር ያዙ። የገባችሁበትን ቀን፣ የተቀበላችሁትን፣ የቀረባችሁን ጻፉ። የራሳችሁን ጥፋትም አትደብቁ፤ የእነሱንም አትሰርዙላቸው።

ቸር ይግጠመን።

እህታችሁ ከሹመይሲ