ስለ ቦርድ ወንበር ለሴቶች ልጆቻችን የተሰጠ ምክር

ልጆቼ ሆይ፤ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ፣ በቆጋም መስኖ ዳር ተወልዳችሁ፣ በትምህርታችሁ ጸንታችሁ፣ ዛሬ ከባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅነት፣ ከዩኒየን ሒሳብ ሹምነት፣ ከፋብሪካ የክፍል ኃላፊነት የደረሳችሁ ሴቶች ልጆቻችን፣ ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ፣ ማለትም ሥራ አስኪያጁን ራሱን የሚሾመውና የሚሽረው፣ የማኅበሩን መንገድ የሚቀይሰውና የትርፉን ክፍፍል ለጉባኤ የሚያቀርበው የዲሬክተሮች ቦርድ ወንበር ለእናንተ ያልታሰበ መስሎ ስለሚታያችሁ፣ በዚህ ነገር ላይ የሚመስለኝን ልነግራችሁ ወደድሁ።

ትጉ፣ ተማሩ፣ በሥራችሁ ተመስገኑ፣ ወንበሩ ጊዜውን ጠብቆ ይመጣል የሚሉ መካሪዎች ብዙ ናቸው። እኔ ይህን ምክር ግማሹን ብቻ እቀበላለሁ። ሹመት ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ስለ ሆነ የአለቃን ዓይን የሳበ ሰው ሊያገኘው ይችላል፤ የቦርድ ወንበር ግን ከታች ወደ ላይ የሚወጣ፣ በጥቆማ የሚጀመርና በድምፅ የሚፈጸም በመሆኑ፣ ጠቋሚ የሌለው ሰው ሥራው የቱን ያህል የተመሰገነ ቢሆን ስሙ ከድምፅ መስጫው ላይ አይገኝም። ስለዚህ ሙያችሁን የተማራችሁበትን ትጋት ያህል ወደ ወንበሩ የሚወስደውን ሥርዓትም እንድትማሩ እፈልጋለሁ።

ምሳሌ ከሩቅ አንፈልግም። በገዛ አገራችን በጎጃም እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ የዓይን ብርሃን ሳይኖራቸው፣ ሴት ልጅ ከቅኔ ቤት መዋሏ እንግዳ ነገር በነበረበት ዘመን፣ የቅኔ መምህር ከነበሩት አባታቸው እግር ሥር ተቀምጠው ቅኔን ከነአገባቡ ተምረው፣ በኋላም ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ደቀ መዛሙርት ያስተምሩ እንደ ነበር ታውቃላችሁ። ይህን ታሪክ የሚያነሡ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የእርሳቸውን ልዩ ጸጋ አድንቀው ያልፋሉ፤ ጸጋውስ የማይካድ ነው። ይሁን እንጂ እኔን ይበልጥ የሚያስደንቀኝ የአባትየው ሥራ ነው፤ ሴት ናት፣ ዓይኗም አያይም ብለው ከጓዳ ሳያስቀሩ፣ ነገሩ ከሚነገርበት ቦታ እንድትሰማ አድርገዋልና። በዚያው ዘመን በየደብሩ አጥር ግቢ ስንት ለቅኔ የተፈጠረ ልቡና እንዲህ ያለ አባት አጥቶ እንሥራ ተሸክሞ እንደ ኖረ ማን ቆጠረው? በጉባኤ መካከል ተቀምጦ መስማት ወንበር ከመያዝ ይቀድማል፤ የሚያሰማ ሰው ደግሞ ያስፈልጋል።

በቦርዱም ዘንድ ነገሩ ይኸው ነው፤ በር የሚዘጋው ግልጽ በሆነ እገዳ ሳይሆን ከሌላ ሥርዓት ጋር በተጋጠመ ሥርዓት ነው። ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. የወጣውን የንግድ ሕግ ብትመለከቱ፣ የአክሲዮን ማኅበር ከ3 ያላነሱ ከ12ም ያልበለጡ ዲሬክተሮች እንዲኖሩት ያዝዝ ነበር፤ እነዚህም ከማኅበርተኞቹ መካከል ብቻ እንዲሆኑ ይወስን ነበር፤ ሴት ዲሬክተር እንዳትሆን የሚል አንቀጽ ግን አይገኝበትም። ነገር ግን በዚያው ቀን የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተ ሰብ አለቃ አድርጎ የጋራውን ሀብት አስተዳደር በእጁ ስላኖረው፣ ሚስት አክሲዮን የምትገዛበት የጋራ ገንዘብ ከባሏ ፈቃድ ሥር ዋለ፤ አክሲዮን የሌላትም ዲሬክተር ልትሆን አትችልም ነበርና፣ ሁለቱ ሕጎች ተጋጥመው አንዳቸውም በቃል ያልተናገሩትን እገዳ በተግባር ፈጸሙት። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ በ1950 ዓ.ም. ምርጫ ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከሕግ መምሪያ ምክር ቤት ገብተው፣ ቆይተውም የምክር ቤቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው ነበር፤ አንዲት ሴት ለአገር ሕግ በምትመክርበት ዘመን ሌላይቱ በራሷ ቤት ገንዘብ ላይ ሙሉ ቃል አልነበራትም ማለት ነው።

ያ ሥርዓት ዛሬ ተሽሯል። የፌዴራሉ የቤተ ሰብ ሕግ በ1992፣ የአማራ ክልል የቤተ ሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ባልና ሚስትን በሀብታቸው አስተዳደር እኩል አደረጉ፤ በክልላችንም የመሬት ይዞታ ደብተር የባልንና የሚስትን ስምና ፎቶግራፍ ጎን ለጎን ይዞ ወጣ፤ በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ ደግሞ ባለአክሲዮን ያልሆነም ሰው በዕውቀቱ ለቦርድ እንዲመረጥ በር ከፈተ። ይህ የመጨረሻው ለእናንተ ትልቅ ነገር ነው፤ ገንዘብ ሳይኖራቸው ዕውቀት ላላቸው ሰዎች የተጻፈ ነውና። ስለዚህ ሕጉ ከለከለኝ ብላ የምታዝን ልጅ ብትኖር፣ በኀዘኗ ሳልስቅ፣ ሕጉን ገልጣ እንድታነበው እለምናታለሁ።

ከሕጉ ቀጥሎ ወደ ልማዱ እንምጣ፤ መንግሥት ባንኮችን በ1967 ዓ.ም. ከወረሰ ጀምሮ እስከ 1986 ዓ.ም. ድረስ የግል ባንክ ስላልነበረ፣ ባለአክሲዮኖች ተሰብስበው የባንክ ዲሬክተር የሚመርጡበት ልማድ ተቋርጦ ነበር። ልማዱ ሲመለስ ወንበሮቹን የያዙት ገንዘብና ትውውቅ ይዘው የቆዩ ወንዶች መሆናቸው አያስደንቅም። በዚህ መካከል 11 ሴቶች መክረው፣ አብዛኛው አክሲዮን በሴቶች እጅ የሚገኝበትን እናት ባንክን መሥርተው በ2005 ዓ.ም. ሥራ አስጀመሩ፤ በኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊም የቦርዱ ሰብሳቢ ነበሩ። እነዚህ ሴቶች ከሌላው ቤት ወንበር ከመለመን ይልቅ የራሳቸውን ቤት ሠሩ፤ ሥራቸውም ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን ብሔራዊ ባንክ በ2013 ዓ.ም. የባንክን ዝቅተኛ ካፒታል ወደ 5 ቢሊዮን ብር ከፍ ስላደረገው፣ በዚያ ጎዳና መሄድ ለጥቂቶች ብቻ የተቻለ ሆኗል። ወይዘሪት ፍሬሕይወት ታምሩ ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮ ቴሌኮምን፣ ወይዘሮ መሊካ በድሪም ዘምዘም ባንክን መምራታቸው የሴት ሥራ አስኪያጅነት እንግዳ መሆኑ እንደ ቀረ ያሳያል፤ ለብዙዎቻችሁ የቀረው ሥራ እንግዲህ ተሠርተው ከቆሙት ቤቶች ገብቶ ከቦርዱ መቀመጥ ነው።

ወደ ነገሩ ሥር ልግባ። የባንክም ሆነ የኢንሹራንስ ጠቅላላ ጉባኤ ከመጠራቱ አስቀድሞ፣ ባለፈው ጉባኤ የተመረጠው አስመራጭ ኮሚቴ በጋዜጣ ማስታወቂያ አውጥቶ ባለአክሲዮኖች ዕጩ እንዲጠቁሙ ይጠይቃል፤ የጥቆማውም ቅጽ በየቅርንጫፉ ይቀመጣል። ያ ቅጽ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ቅርንጫፎች ጠረጴዛ ላይ ሰንብቶ፣ ማንም ሳይሞላው ቀኑ ሲያልፍበት፣ በአዲስ አበባ ግን ዐሥር ሰዎች በአንድ ምሳ ላይ ተስማምተው ሞልተው ያስገቡታል። ከዚህ ላይ ሤራ አለ አልልም፤ አንዱ ማስታወቂያውን ያነባል፣ ሌላው አያነብም፤ እንደዚህ ያለ ቀላል ነገር ነው። የብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከባንክ ቦርድ አባላት አንድ ሦስተኛው ያህል ብዙ አክሲዮን በሌላቸው ባለአክሲዮኖች እንዲጠቆሙና እንዲመረጡ ያዝዛል፤ ይህም በቆጋ ድንች ሸጦ፣ በቡሬ በቆሎ ነግዶ ጥቂት አክሲዮን የገዛ ሰው ቃሉ ከንቱ እንዳይቀር የተጻፈ ነው። ጥቂት አክሲዮን ያላቸው ሰዎች ተሰባስበው አንዲት የታወቀች ባለሙያ ቢጠቁሙ ማንም የማይከለክላቸው ሆኖ ሳለ፣ እንዲህ ያለ ስብሰባ በእኛ አገር ሲደረግ የሰማሁት ለሠርግና ለዕድር እንጂ ለዚህ አይደለም።

ከጥቆማው ይልቅ የሚከፋው ውክልናው ነው። ከፍኖተ ሰላም ተነሥቶ ለአንድ ቀን ጉባኤ አዲስ አበባ መሄድ ለብዙው ባለአክሲዮን ስለሚከብደው፣ ከጉባኤው ቀን ሦስት ቀን ቀድሞ በሚሞላ ቅጽ ድምፁን ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሰጪዎቹ አብዛኛውን ጊዜ የሚፈርሙት ቅጹን ላቀረበላቸው ሰው ነው፤ ያ ሰው ማንን ሊመርጥበት እንደ ሆነ የሚጠይቅ ከስንት አንድ ነው። በአክሲዮን ማኅበር ድምፅ የሚቆጠረው በራስ ሳይሆን በአክሲዮን ልክ ስለ ሆነ፣ እንዲህ በየገጠሩ የተሰበሰበ ፊርማ ሲደመር ወንበር ይሰጣል፣ ወንበርም ይነሣል። እናንተ ለምርጫ ብትቀርቡ መጀመሪያ ልትጎበኟቸው የሚገባችሁ ከታላላቆቹ በፊት እነዚህን ፈራሚዎች ነው፤ እናቶቻችሁና አክስቶቻችሁም ከእነርሱ መካከል ናቸው።

አንድ ነገር ደግሞ ብዙዎች ሳያስቡት ይሰናከሉበታል። በባንክ ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው የባንክ ዲሬክተር ሆኖ እንዳይቀመጥ ስለ ተከለከለ፣ የባንክ ሥራ አስኪያጅ የሆናችሁት ዓይናችሁን ከዚያው ከባንክ ላይ አንሡና ወደ ሌላው ማኅበር፣ ወደ ፋብሪካው፣ ወደ ሆስፒታሉ፣ ወደ ንግድ ምክር ቤቱ አዙሩት። ቡሬ ዛሬ የዘይት ፋብሪካና የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ናትና፣ ሒሳብና ብድር የሚያውቅ ሰው የሚያስፈልጋቸው ቤቶች እየበዙ ነው።

ትንሹንም ወንበር አትናቁ። በሜጫ፣ በመራዊ አጠገብ፣ የቆጋ ግድብ ውኃ 7,000 ሄክታር ያህል መሬት እንዲያጠጣ ታስቦ ሲሠራ፣ ውኃውን በተራ የሚያከፋፍል፣ ቦዩን የሚያስጠርግ፣ መዋጮ የሚሰበስብ ማኅበር አስፈልጎ ነበር፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው ዐዋጅም ለእንደዚህ ያሉ የመስኖ ውኃ ተጠቃሚዎች ማኅበራት ሕጋዊ ሰውነት ሰጣቸው። የሕብረት ሥራ ማኅበርም፣ አንድ አባል አንድ ድምፅ ስላለው፣ ገንዘብ የሌላት ሴት ከባለ ብዙ ገንዘቡ ጋር እኩል የምትመርጥበትና የምትመረጥበት ቤት ነው። በነዚህ ቤቶች ሴት ስትመረጥ ሁልጊዜ አንድ ነገር ሲደገም እመለከታለሁ፤ ታማኝ ናት ተብላ ገንዘብ ያዥ ትሆናለች፣ ጽሕፈቷ ያምራል ተብላ ጸሐፊ ትሆናለች፣ ሰብሳቢነቱ ግን ለወንዱ ይቀራል። ገንዘብ ያዥነቱን አትግፉት፤ የማኅበሩ ምስጢር ያለው ከመዝገቡ ነውና። ነገር ግን ሁለት ዘመን ከያዛችሁት በኋላ ሦስተኛውን እንቢ በሉ፤ ሰብሳቢነቱን ካልሆነም ቁጥጥር ኮሚቴውን ጠይቁ። ኦዲተር ፊት ቆማ መዝገቧን ያስመረመረች ሴት ከትልቁ ቦርድ ስትደርስ የሒሳብ ሚዛን አያስደነግጣትም።

ከደረሳችሁ በኋላ ስላለው ነገር ደግሞ ላውራ። ብዙ ጊዜ ከዘጠኝ ወንዶች መካከል አንዲት ሴት ትቀመጣለች፤ ቦርዱም ግዴታውን ፈጽሞ ያረፈ ይመስለዋል። የኖርዌይ መንግሥት ይህን ዓይነቱን ዕረፍት ስለ ጠላ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ባወጣው ሕግ የትላልቅ አክሲዮን ማኅበሮች ቦርድ 40 በመቶ ያህሉን ወንበር ቁጥሩ ላነሰው ፆታ እንዲሰጡ አስገደደ፤ በጥቂት ዓመታትም ውስጥ ተፈጸመ። ብቁ ሴት አይገኝም ይሉ የነበሩ ማኅበራት ሕጉ ሲመጣ አገኟቸው፤ ይህን ሳስብ ጥቂት ፈገግ እላለሁ። በእኛ ዘንድ ግን ያን የሚያህል ሕግ እስኪመጣ ብቻዋን የምትቀመጠው ልጅ እንዴት ትኑር? ከስብሰባው በፊት የሚላከውን ሰነድ ሁሉ አንብባ ትግባ፤ በመጀመሪያዎቹ ወራት ብዙ አትናገር፣ ፈጽማም ዝም አትበል፤ ጥያቄዋ ስለ ብድሩ፣ ስለ ኪሣራው መጠባበቂያ፣ ስለ ውስጥ ኦዲተሩ ሪፖርት ይሁን እንጂ ሴቶችን ስለሚመለከተው ብቻ አይሁን፤ በዚያች አንቀጽ ብቻ የተናገረች ሰው ከሌላው አንቀጽ ሁሉ ትገለላለችና። ያልተስማማችበት ውሳኔ ሲተላለፍ ተቃውሞዋ በቃለ ጉባኤው እንዲጻፍ በትሕትና፣ ነገር ግን ሳትመለስ ትጠይቅ፤ ዲሬክተር ለሚወስነው ነገር በራሱ ሀብት የሚጠየቅበት ጊዜ ስላለ፣ ይህ መብቷም መከላከያዋም ነው። ከቡናው ሰዓት በፊት ሁሉም ነገር በስልክ ተወስኖ እንዳደረ ብታውቅ አትቆጣ፤ በሚቀጥለው ጊዜ እርሷም ከስብሰባው በፊት ለሁለት ሰዎች ትደውል።

እናንተም በወንበር ላይ ያላችሁ ወንዶች ወንድሞቼ፣ ልጆቻችን ሲያነቡ ከጎናቸው ሆናችሁ ይህን ታነቡ እንደ ሆነ፣ አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። የአገልግሎት ዘመናችሁ ሊያበቃ ሲቃረብ፣ እንደ ልማዱ የወንድማችሁን ወይም የባልንጀራችሁን ስም ከመጻፋችሁ በፊት፣ በቦርዱ ሥር ካሉት የኦዲትና የሥጋት ኮሚቴዎች ፊት ቀርባ ሪፖርት የምታስረዳውን፣ የጠየቃችኋትን ሁሉ በቁጥር የመለሰችላችሁን ሴት አስቡና፣ በሌላ ማኅበር ዕጩ ሲፈለግ ስሟን እናንተ ጥቀሱላት። ፈቃዷን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ የጥቆማውን ቅጽ በእጃችሁ ሙሉ፤ የውክልና ድምፅ ያላችሁም እንደ ሆነ ለማን እንደምትሰጡት ለወካዮቻችሁ በጽሑፍ አሳውቁ።