ውሻውን ያዙ!

የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረትን በጋይንትም በሲማዳም በእስቴም የማያከብር ቤት የለም። በዕለቱ የምንሰማውንም ታሪክ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያውቁታል። 78 ነፍስ የበላው በላዔ ሰብእ በእመቤታችን ስም ለለመነው ለምጻም ጥርኝ ውሃ ሰጠ፤ ነፍሱ በሚዛን በቀረበች ጊዜም ያች ጥርኝ ውሃ ያን ሁሉ ደም አነሣችው። ይህን ሰምተን እልል ብለን፣ ጸበል ጻዲቁን ቀምሰን ወደ ቤታችን እንገባለን። በማግሥቱ በዚያችው እመቤት ስም «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ደጃችን የቆመውን የቆሎ ተማሪ ውሻ ሲከበው ግን ከግቢያችን ሆነን ዝም ብለን እናያለን።

ነውር ነው! በእኛ አገር ሲሆን ደግሞ ነውርነቱ ይብሳል። ድጓ የሚመሰከርባት ቤተልሔም ያለችው በጋይንት ነው። ዝማሬ መዋስዕት የሚመሰከርበት ዙር አባም ከዚሁ ከደቡብ ጎንደር አይወጣም። እናት አባቱን ትቶ ከሩቅ የሚመጣው ልጅ ቀለብ የሚሰፍርለት የለም። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ በየመንደሩ ይዞራል፤ ያገኛትን ቁራሽ ከጓደኞቹ ጋር ተካፍሎ ሌሊቱን ሲቀጽል ያድራል። በየንግሡ የምንመካበት ማኅሌት የቆመው በዚያች ቁራሽ ነው። ዛሬ ከፊት የምናስቀምጠው መሪጌታ ትናንት የሰው ደጅ ቆሞ ነበር፤ ስሟን እንኳ የማያውቃት ሴት ከመሶቧ ባታነሣለት ኖሮ የሚመራን ባልኖረ።

ተግሣጼ ለሌለው ሰው አይደለም። በሲማዳና በታች ጋይንት ቆላ ዝናብ የከዳው፣ የሴፍቲኔት ድጋፍ የሚጠብቅ ቤት እንዳለ አውቃለሁ። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ከሌለው ላይ ቆርሶ የሚሰጠው እሱ ነው። የምናገረው ለአንተ ነው፤ ለአባትህ ተዝካር ሠንጋ ጥለህ፣ ጠላ በጋን ጠምቀህ፣ ሹሙንና ባለጠጋውን ከላይ አስቀምጠህ ላበላኸው። ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ቆርቆሮ ሰጥተህ ስምህ በድምፅ ማጉያ እስኪጠራ ድረስ ለጠበቅኸው። ቆርቆሮው መልካም ነው፤ ተዝካሩም የአባቶች ሥርዓት ነው። ነገር ግን ያን ሁሉ የዘረጋ እጅ ለአንድ ልጅ ግማሽ እንጀራ ሲሆን ስለ ምን ይታጠፋል? ጌታ በፍርድ ቀን ስለ ተራበው፣ ስለ ተጠማው፣ ስለ ታረዘው፣ ስለ እንግዳው እንደሚጠይቀን ወንጌሉ ሲነበብ ሰምተሃል። ስለ ቆርቆሮ የጠየቀበትን ቦታ አሳየኝ።

አንቺም እኅቴ፣ በሩን ሳትከፍቺ ከውስጥ ሆነሽ «እግዜር ይስጥህ» የምትይው፣ እግዜርማ ሰጥቶት ነበር፤ በአንቺ እጅ አኑሮለት። የሻገተውን እየለየሽ የምትሰጪውም ብትሆኚ በማን ስም እንደ ተለመንሽ አስቢ።

ስለ ውሻው ደግሞ ዝም ማለት አልችልም። እንጀራ ዋጋ አለው፤ ዘንድሮ ጤፍ ተወዷል ብትሉኝ እሰማችኋለሁ። ውሻ መያዝ ግን ምን ያስወጣል? ልጁ በዱላው እየተከላከለ «ውሻ ያዙ!» እያለ ሲጮህ ተነሥቶ አንዴ መገሠጽ ይበቃ ነበር። የተነከሰ ተማሪ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው ዘመድ በአጠገቡ የለውም። ውሻው ያበደ ከሆነና ልጁ ሳይከተብ ከቀረ፣ በሽታው አንዴ ከተነሣበት አይድንም። ከመቀመጫችን ለመነሣት የሰነፍንባት ደቂቃ የሰው ሕይወት ልትሆን ትችላለች። ትንሽ ነገር ነው እያልን የናቅነው ይህንን ነው።

የእኛስ ልጆች የት ናቸው? ቅኔ ፍለጋ ዓባይን ተሻግረው ጎንጅና ዋሸራ የወረዱት የጎጃም ሰው ደጅ ቆመው ነው የሚማሩት። የእስቴ እናት ልጇን ስትሸኝ የምታለቅሰው ያላየችው ሰው እንዲራራለት ነው። የሷ ልጅ በሄደበት መንገድ የመጣው የሰው ልጅ ደግሞ እዚህ እኛ ደጅ ቆሟል።

እንግዲህ የየማኅበሩ ሙሴዎች፣ በሚቀጥለው ጽዋ ይህን ነገር አንሡ። ጽዋው ከመዞሩ በፊት የተማሪው ድርሻ ተለይቶ ይቀመጥ። ውሻ ያለውም ሁሉ ተማሪ በሚወጣበት ሰዓት ይሰር፤ እምቢ ያለውን በማኅበሩ ፊት ጠይቁት።