መስኮት የሌለው ክፍል

ሜሪላንድ የሚኖር የአጎቴ ልጅ በቅርቡ ስልክ ደውሎልኝ ነበር። ሰላምታ ተለዋውጠን፣ የቤተሰብ ደህንነት ተጠያይቀን ስናበቃ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ ግን እንዳትስቅብኝ» አለኝ። ሌሊት ሌሊት ታክሲ እየነዳ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው ነው። ዘመድ ለመጠየቅ አገር ቤት ከመምጣቱ በቀር ዕረፍት የሚባል ነገር ወስዶ አያውቅም። ዘንድሮ ግን ባለቤቱና ልጆቹ ከባልቲሞር ወደብ ተነስቶ ባሃማስ ደርሶ በሚመለስ የመዝናኛ መርከብ እንሂድ ብለው ያዙት። እሱም እሺ አለ። የያዘላቸው ክፍል ግን በመርከቡ ውስጥ ካሉት ሁሉ ርካሹን ነው፤ መስኮት እንኳ የለውም። ባለቤቱ ቅር ብሏታል። «እንዲያው ለመሆኑ ይሄ ስስት ነው ወይስ ቁጠባ?» ሲል ጠየቀኝ።

አልስቅም ብዬ ሳቅሁ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

እነዚህን መርከቦች ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማብራራት ይገባል። እ.ኤ.አ. በጥር 2024 ከማያሚ ጉዞ የጀመረው «አይከን ኦቭ ዘ ሲስ» ፊንላንድ፣ ቱርኩ ከተማ የተሠራ ሲሆን 20 ፎቅ አለው። እስከ 7,600 መንገደኞችንና 2,350 ሠራተኞችን ይይዛል። በእንዲህ ዓይነት መርከብ ላይ ከሁሉ ውዱ ስዊት የሚባለው ሰፊ መኖሪያ ነው፤ ከዚያ በረንዳ ያለው ክፍል፣ ከዚያ መስኮት ብቻ ያለው፣ በመጨረሻም ከመርከቡ ሆድ ውስጥ የሚገኘው መስኮት አልባው ይከተላል። እ.ኤ.አ. በ2011 አገልግሎት የጀመረው «ዲዝኒ ድሪም» ለእነዚህ መስኮት አልባ ክፍሎች ክብ ስክሪን ገጥሞላቸዋል። በስክሪኑ ላይ ውጭ በተተከለ ካሜራ የሚነሳው ባሕር በቀጥታ ይታያል። ባሕር ላይ ተቀምጦ ባሕርን በቴሌቪዥን ማየት! የሰው ልጅ የማይሸጠው ነገር የለም።

ከርካሹም የባሰ ርካሽ አለ። መንገደኛው የክፍሉን ዓይነት ብቻ መርጦ ይከፍላል፤ የትኛው ፎቅ፣ የትኛው ቁጥር እንደሚደርሰው ግን ኩባንያው ነው የሚወስነው። ከሊፍቱ አጠገብ ሊሆን ይችላል፤ መልሕቁ ሲወርድና ሲወጣ ከሚንኳኳበት ከመርከቡ አፍንጫ ሥርም ሊሆን ይችላል። የአጎቴ ልጅ የያዘው ይህንን ነው። ገንዘብ ያለው ይመርጣል፤ የሌለው ዕጣ ይወጣለታል ማለት ነው።

የስስቱ ጥያቄ ብዙም አያከራክርም። ቁርአን በማባከንና በመሰሰት መካከል ያለውን መንገድ የያዙትን ማወደሱን ሁላችንም እናውቃለን። ሌሊቱን ሙሉ መሪ ጨብጦ ያገኘውን ገንዘብ ለመተኛ ብቻ ለሚያስፈልግ ክፍል አላፈስም ያለ ሰው ስስታም አይባልም። ልጆቹ የሚበሉት ምግብ ያው ነው፤ የሚዋኙበት ገንዳም ያው ነው። ባለቤቱ ቅር ያላት በመስኮቱ ከሆነ ግን እሷም እውነት አላት። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ርካሹ ክፍል ርካሽ የሆነው ለምንድን ነው? ልዩነቱንስ ማን እየከፈለው ነው?

በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ እ.ኤ.አ. በ1849 ዡል ዱፕዊ የተባለ ፈረንሳዊ መሐንዲስ የጻፈው ነገር አለ። በዚያን ጊዜ የነበሩት የሦስተኛ ማዕረግ የባቡር ፉርጎዎች ጣሪያ አልነበራቸውም፤ ድሃው መንገደኛ ዝናብና ፀሐይ ይፈራረቁበት ነበር። ዱፕዊ እንዳስረዳው ኩባንያዎቹ ጣሪያ ያልሠሩት የጥቂት ሺህ ፍራንክ ወጪ ከብዷቸው አልነበረም። ሁለተኛ ማዕረግ የመክፈል አቅም ያለው ሰው ወደ ሦስተኛው እንዳይወርድባቸው ነው። ድሃውን የሚያስመቱት ድሃውን ጠልተው ሳይሆን ሀብታሙን ለማስፈራራት ነው ማለት ነው።

በዚህ ሚዛን ሲታይ መስኮት የሌለው ክፍል ንጹሕ ሊባል ይችላል። መርከብ ሰፊ ነገር ነው፤ መካከሉ ላይ ያለ ክፍል ከየት አምጥቶ መስኮት ያወጣል? ጨለማው የመጣው ከመርከቡ ቅርጽ ነው፤ ተንኮል የለበትም። ዛሬ ግን በአንዳንድ ኩባንያዎች መርከቦች ላይ «መርከብ በመርከብ ውስጥ» የሚባል ነገር ተስፋፍቷል። ስዊት የያዙት የራሳቸው ገንዳ፣ የራሳቸው ምግብ ቤት፣ የራሳቸው የፀሐይ መሞቂያ አላቸው፤ በሩ በካርድ ካልሆነ አይከፈትም። ሰማዩን የሚጋርድ ጣሪያ ሳይኖር ሰማዩን በአጥር መከፋፈል ይሏል ይህ ነው። መስኮት ማጣት አንድ ነገር ነው፤ እንዲታጣ ተብሎ የተሠራ ማጣት ግን ሌላ ነው። ለእኔ የዱፕዊ ጣሪያ የለሽ ፉርጎ ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስለ መርከብ የላይኛውና የታችኛው ፎቅ ሲነሳ አንድ ሙስሊም ኢማሙ ቡኻሪ ከኑዕማን ኢብን በሺር የዘገቡትን ሐዲስ ሳያስታውስ አያልፍም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመርከብ ላይ ዕጣ ተጣጥለው ከፊሎቹ ላይ፣ ከፊሎቹ ታች የደረሳቸውን ሰዎች ምሳሌ አድርገው አስተምረውናል። ታች ያሉት ውኃ ለመቅዳት በላይኞቹ መካከል ማለፍ ነበረባቸው። ላዮቹን ላለማስቸገር ብለው በራሳችን ድርሻ ቀዳዳ ብንበሳስ አሉ። ዝም ከተባሉ ሁሉም ይሰምጣል፤ እጃቸው ከተያዘ ሁሉም ይድናል። ሰባኪዎቻችን አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት በሚበሱት ሰዎች ላይ ነው። እኔን ግን ሁልጊዜ የሚገርመኝ የታችኞቹ መነሻ ክፋት አለመሆኑ ነው። ውኃ ጠምቷቸዋል፤ ላይኞቹንም ማስቸገር አልፈለጉም። ፎቁን የሰጣቸውም ዕጣ እንጂ ብልጫ አልነበረም።

በታሪክ ውስጥ ደግሞ የተገላቢጦሹን እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1880 «ጂዳ» የተባለች መርከብ ከሲንጋፖር ተነስታ በፔናንግ በኩል ወደ 1,000 የሚጠጉ ሑጃጆችን ይዛ ወደ ሒጃዝ ጉዞ ጀመረች። ሑጃጆቹ አቅማቸው የፈቀደውን ርካሽ ቦታ ይዘው በመርከቧ ወለል ላይ ተጨናንቀው ነበር። ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ስትቃረብ ማዕበል መታትና ውኃ ማስገባት ጀመረች። በነሐሴ 8 ሌሊት እንግሊዛዊው ካፒቴን ከሚስቱና ከመኮንኖቹ ጋር በጀልባ ወርዶ ሑጃጆቹን ጥሏቸው ሄደ። በመንገድ ያገኘቻቸው ሌላ መርከብ ኤደን አደረሰቻቸው፤ እነሱም «መርከቧ ከነሑጃጆቹ ሰምጣለች» ብለው ተናገሩ። በማግስቱ «ጂዳ» ሑጃጆቹን እንደያዘች በሌላ መርከብ እየተጎተተች ኤደን ወደብ ገባች! ውኃውን ሲቀዱና ሲያፈሱ የቆዩት ርካሹን ቦታ የያዙት ሰዎች ናቸው። ካፒቴኑ የተፈረደበት ለሦስት ዓመት ፈቃዱ መታገድ ብቻ ነበር። ጆሴፍ ኮንራድ «ሎርድ ጂም» የተሰኘውን ልብ ወለድ የጻፈው ከዚህ ተነስቶ ነው፤ እዚያም ውስጥ ቢሆን የሑጃጆቹ ድምፅ እምብዛም አይሰማም።

ዛሬ በዚህ ረገድ ነገሩ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ1912 «ታይታኒክ» ስትሰምጥ ወደ 2,200 ለሚሆን ሰው የነበራት የጀልባ ቦታ 1,178 ብቻ ነበር። ከአንደኛ ማዕረግ መንገደኞች ከግማሽ በላይ ሲተርፉ ከሦስተኛው የተረፈው ከአራት አንድ ገደማ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ የተፈረመው ዓለም አቀፍ ስምምነት ለእያንዳንዱ ሰው በጀልባ ላይ ቦታ እንዲኖር መሠረት ጣለ። በመሆኑም የአጎቴ ልጅ ርካሹን ክፍል በመያዙ ሕይወቱ አልረከሰችም።

ታዲያ ሦስተኛ ማዕረግ ጠፋ ማለት ነው? አልጠፋም። ወደ ታች ወርዷል እንጂ። መስኮት ከሌለው ክፍል በታች፣ አንዳንዶቹ ከውኃው ልክ በታች፣ አልጋ በአልጋ ላይ የሚተኙ ሠራተኞች አሉ። ብዙዎቹ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያ፣ ከሕንድ የመጡ ናቸው። መርከቡ የሚነሳው ከአሜሪካ ወደብ ነው፤ የሚያውለበልበው ባንዲራ ግን ብዙ ጊዜ የባሃማስ ወይም የፓናማ ስለሆነ የአሜሪካ የዝቅተኛ ደመወዝ ሕግ እነሱን አይመለከትም። እ.ኤ.አ. በ2013 ሥራ ላይ የዋለው የባሕር ሠራተኞች ዓለም አቀፍ ስምምነት ከሚፈቅዳቸው ልኬቶች አንዱ ሠራተኛው በሳምንት ቢያንስ 77 ሰዓት ይረፍ ይላል። ሳምንት 168 ሰዓት ነው። ቀሪውን አንባቢ ያስላው፤ 91 ሰዓት ነው። ሕግ አፍርሶ ሳይሆን ሕግ አክብሮ ማለት ነው።

የአጎቴ ልጅ እንግዲህ ራሱን ከታችኞቹ ቆጥሮ ነበር። በሐዲሱ መርከብ ላይ ግን እሱ ላይኛው ነው።

በስልካችን መጨረሻ ላይ የነገረኝ ነገር ትዝ ያለኝም ያኔ ነው። ኩባንያው ለክፍል አጽጂዎችና ለምግብ ቤት ሠራተኞች በሚል በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ጉርሻ ይቆርጣል። «እዚያ ሄዶ የመጣ አንድ ጓደኛዬ እንግዳ መቀበያው ጋ ሄደህ አጥፉልኝ ብትል ያጠፉልሃል ብሎ መከረኝ» አለኝ። እውነት ነው፣ ብዙ ኩባንያዎች ይህን ይፈቅዳሉ። ለአራት ሰው፣ ለአንድ ሳምንት ሲታሰብ ቀላል ገንዘብ አይደለም። ጓደኛውም ክፉ ሰው አይመስለኝም፤ «ደመወዛቸውን ኩባንያው ይክፈል እንጂ እኔ ለምን እከፍላለሁ?» ቢል ክርክሩ ውኃ ያነሳል። ደመወዝን በጉርሻ ስም በመንገደኛው ላይ መጣል ራሱ ጥያቄ የሚያስነሳ አሠራር ነው። ይሁን እንጂ ክርክሩን በኩባንያው ላይ ጀምሮ ውጤቱን ከአጽጂዋ ኪስ መውሰድ ምን ዓይነት ፍትሕ ነው? የመርከቡን ባለቤት ተቆጥቶ የታችኛውን ወለል መብሳት ነው።

የሁለተኛው ጥያቄ ሌላኛው ግማሽ ደግሞ ከዚህም ይከብዳል። የእነዚህ ኩባንያዎች ገቢ ሲሶ ያህሉ ከቲኬት የሚገኝ አይደለም፤ መርከቡ ላይ ከሚሸጥ መጠጥ፣ ከቁማር ቤት፣ ከጉብኝትና ከመሳሰለው ነው። ርካሹ ክፍል ርካሽ ሊሆን የቻለው በከፊል ሰውየው አንዴ ከተሳፈረ በኋላ ይጠጣል፣ ይቆምራል ተብሎ ስለሚታሰብ ነው። የማይጠጣና የማይቆምር ሙስሊም ቤተሰብ ለኩባንያው ኪሳራ ሊባል ምንም አይቀረው! ነገር ግን ይህ ለእኛ ደስታ ነው ወይስ ሐሳብ? አጠገባችን ያለው ሰው በቁማር ያጣው ገንዘብ የእኛን አልጋ አርክሶልናል። ስለ ሐላልና ሐራሙ ብይን መስጠት የኡለማዎች እንጂ የእኔ ሥራ አይደለም። እንደ አንድ ጸሐፊ ማለት የምችለው ግን፣ ዋጋን ብቻ አይቶ «አተረፍኩ» ማለት የሒሳቡን ግማሽ ገጽ አንብቦ መዝጋት መሆኑን ነው።

ይህን ሁሉ በሳምንቱ ደውዬ ነገርኩት። ጉርሻውን እንዳይነካ፣ ክፍሉን ግን እንዳይለውጥ መከርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና «ጉርሻውንማ ትቼዋለሁ። እኔ ራሴ በጉርሻ የምኖር ታክሲ ነጂ አይደለሁ እንዴ?» አለኝ። የመከርኩት ሰው ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ጠበቀኝ። ከዚያ የቀረችውን ጥያቄ አነሳ። «መስኮት በሌለበት ክፍል፣ መርከቡም እየዞረ፣ ቂብላን በየት አውቃለሁ?»

ክፍሉ ውስጥ ባለው ቴሌቪዥን መርከቡ የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳይ ካርታ ካለ ተመልከት፣ ካልሆነም ሱብሂን ወደ ክፍት ወለሉ ወጥተህ ስገድ፤ በዚያ ሰዓት ማንም አይኖርም፣ ለእሱም አያስከፍሉም አልኩት። ባለቤቱ ከጀርባው ሆና «እኔም አብሬ እወጣለሁ፣ ባሕሩን ያኔ አየዋለሁ» ስትል ሰማኋት።