ስላልተጻፉት ዓመታት፤ ለጐልማሶች የተሰጠ ምክር

ወንጌላዊው ሉቃስ የጌታችንን ነገር ሲጽፍ፥ በ12 ዓመቱ በኢየሩሳሌም ቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ እንደ ተገኘ ይነግረናል፤ ከዚያም ወደ ናዝሬት ወርዶ ለእናቱና ለዮሴፍ ይታዘዝ እንደ ነበረ ይጨምርልናል። ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ዝም ይላል። ዳግመኛ የምናገኘው 30 ዓመት ያህል ሲሆነው በዮርዳኖስ ወንዝ ዳር ነው። እንግዲህ ከ20 እስከ 30 ያለው ዕድሜው ምንም አልተጻፈም። ዓለምን ሊያድን የመጣው እርሱ፥ ጕልበት በሚሞላበት ዘመኑ፥ ሰው በሚንቀው መንደር የጸራቢነት ሥራ እየሠራ፥ ከእናቱ ቤት እየገባና እየወጣ ኖረ። በዚያም ዘመኑ የሠራው ሞፈር ይሁን የቤት መዝጊያ፥ ለእናቱ ውኃ ቀድቶላት ይሁን እንጨት ፈልጦላት፥ ማንም አልመዘገበውም።

ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ከጐልማሶች ጋራ ስነጋገር ከሁሉ ይልቅ የምሰማው ልቅሶ አንድ ነው። «ዕድሜዬ እንዲያው አለፈ» ይላሉ፤ ይህን የሚሉትም የ24ና የ26 ዓመት ሰዎች ናቸው። አንዱ ዩኒቨርሲቲ ጨርሶ ሥራ ቢያጣ ወደ አባቱ ቤት ተመልሷል፤ አንዱ የሌላ ሰው ባጃጅ ይነዳል፤ አንዷ በእህል መጋዘን በቆሎና በርበሬ ስታስመዝን ትውላለች። ከ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ወዲህ በተነሣው ጦርነት ምክንያት ትምህርቱ የተቋረጠበት፥ መንገድ የተዘጋበት፥ ወንድሙን የቀበረም አለ። ቀድሞ ወጀት ይባል የነበረው ከተማ ፍኖተ ሰላም፥ ማለት የሰላም መንገድ፥ ተብሎ መሰየሙን እያሰቡ በምሬት የሚሥቁ ተማሪዎች ሰምቻለሁ። ወንድሙን ለቀበረው እኔ ስለ ትዕግሥት ለመስበክ አልደፍርም፤ ከእርሱ ጋራ አለቅሳለሁ እንጂ።

ለቀሩት ግን አንድ ነገር አለኝ። ብዙዎቻችሁ በመናኸሪያ አውቶቡስ እንደሚጠብቅ መንገደኛ ሆናችኋል። መንገደኛ አጠገቡ የተቀመጠውን ሰው ስሙን አይጠይቅም፤ የተቀመጠበትንም ስፍራ አይጠርግም፤ ዐይኑ ሁልጊዜ ወደ መንገዱ ነውና። እናንተም ሕይወት የሚጀምረው ሥራ ሲገኝ፥ ሠርግ ሲደገስ፥ አዲስ አበባ ሲገባ ነው ብላችሁ፥ ዛሬ አብረዋችሁ የሚበሉትን ሰዎች እንደ መናኸሪያ ሰዎች ታዩአቸዋላችሁ። በስልካችሁም የባልንጀራችሁን ሠርግና መኪና እየተመለከታችሁ፥ ቡና ያፈላችላችሁን እናት ቀና ብላችሁ ሳታዩ ሲኒውን ትመልሱላታላችሁ። ይህን የምናገረው እናንተን ለመውቀስ ብቻ አይደለም፤ እኔ ከዚህ የባሰ ሠርቻለሁና።

የ23 ዓመት ጐልማሳ ሳለሁ፥ የሚስዮን ትምህርቴን ጨርሼ በቡሬ ከተማ በአንድ የእህል ነጋዴ ዘንድ ጸሓፊ ሆንሁ። ጫማዬን በየማለዳው እቀባ ነበር፤ በኪሴም ሁለት እስክሪብቶ እሰካ ነበር፤ አንዱ እንኳ አይጽፍም ነበር። በአንድ የገበያ ቀን ከባልንጀሮቼ ጋራ በሻይ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሳለሁ፥ አባቴ በርበሬ የጫነች አህያ እየነዳ መጣ። እግሩ ባዶ ነበረ፤ ጋቢው በትቢያ ቀልቷል፤ በእጁም እናቴ የላከችው አገልግል ነበረ። ከባልንጀሮቼ አንዱ «እኒህ ሰው ወደ አንተ ነው የሚመጡት፤ ማን ናቸው?» አለኝ። እኔም «ያገራችን ሰው ናቸው፤ ከአባቴ ተልከው ነው» አልሁ።

አባቴ ቀርቦ ስለ ነበረ ሰማ። ጥቂት ቆመ። ከዚያም አገልግሉን በሁለት እጁ አቀረበልኝና «አባትዎ ደኅና ናቸው፤ እናትዎም ይህን ልከውልዎታል» አለኝ፤ አህያውንም ነድቶ ሄደ። አባቴ እኔን «እርስዎ» ብሎ ሲጠራኝ ያ ቀን የመጀመሪያው ነበረ። ባልንጀሮቼ ድፎ ዳቦውን ቆርሰው በሉ፤ እኔም ከእነርሱ ጋራ በላሁ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ለሕፃናት ያስተማርሁት ትምህርት ጴጥሮስ ጌታውን ስለ መካዱ ነበረ። ደኅና አድርጌ አስተማርሁ፤ ዶሮው ሲጮኽ እንኳ በድምፄ አስመሰልሁ፤ ሕፃናቱም ሣቁ። ስለ ራሴ እንደ ተናገርሁ ግን ሌሊት በመኝታዬ ላይ ሆኜ እንጂ በዚያ ሰዓት አላወቅሁም። ቃሉን በቃል የያዘ ሰው ሁሉ ቃሉ እርሱን ይዞታል ማለት አይደለም።

በእናቴም ላይ እንዲሁ አጥፍቻለሁ፤ ያኛው ጥፋት ግን የሃይማኖት ልብስ ለብሶ ስለ ነበረ ለይቼ ለማወቅ ረጅም ዘመን ወሰደብኝ። ወንጌልን ካመንሁ በኋላ በፍልሰታ ጾም ወደ ቤት ገብቼ፥ ስለ ጾም ከጥቅስ ላይ ጥቅስ እየደረደርሁ ተከራከርኋት። ማንበብ የማትችል ሴት ምን ትመልስልኛለች? ክርክሩን ረታሁ፤ እርሷን ግን አስለቀስኋት። ዛሬ ያመንሁትን አልለወጥሁም፤ ነገር ግን እናቱን አዋርዶ ጌታን አከበርሁ የሚል ሰው፥ ጌታ በመስቀል ላይ ሆኖ እናቱን ለዮሐንስ ዐደራ እንደ ሰጠ ረስቷል። ያ ዐደራ ከየት መጣ? በናዝሬት ካለፉት ካልተጻፉት ዓመታት የመጣ ይመስለኛል።

የእናቴም የሃያዎቹ ዕድሜ እንዲሁ አልተጻፈም። የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግ በ1995 ዓ.ም. ሲወጣ የጋብቻን ዕድሜ 18 ዓመት አድርጎታል፤ እርሷ ግን ጎጆ ስትወጣ ገና ይህን ያህል አልሆናትም ነበር። እናንተ «ምንም ሳልሠራ አለፈ» በምትሉት ዕድሜ፥ እርሷ ውኃ ከወንዝ እየቀዳች፥ እህል በወፍጮ ድንጋይ እየፈጨች፥ ልጆች እያሳደገች፥ እኔን ትምህርት ቤት ለመላክ የዶሮና የቅቤ ገንዘብ በመቀነቷ ጫፍ ትቋጥር ነበር። የተማርሁት ፊደል ዋጋ ከዚያ ቋጠሮ ወጣ።

ከአገራችን ከጐጃም የወጣ አቡ ሩሚ የሚባል መነኵሴ ነበረ። በ28 ዓመት ዕድሜው ገደማ አገሩን ለቆ ወደ ግብፅና ወደ ኢየሩሳሌም፥ ከዚያም እስከ ህንድ ድረስ ዞረ። በዚያ ዘመኑ «ምን ሠራህ?» ቢሉት የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ከብዙ ዓመት በኋላ በካይሮ ታሞ ሳለ፥ አስሊን ደ ሸርቪል የተባለ የፈረንሳይ መንግሥት ሰው ረዳው፤ ሁለቱም ማክሰኞና ቅዳሜ እየተቀመጡ በ10 ዓመት መጽሐፍ ቅዱስን በአማርኛ ተርጕመው ጨረሱ፤ ጽሕፈቱም 9,539 ገጽ ሆነ። አቡ ሩሚ ሲታተም ሳያይ ሞተ፤ በአውሮፓውያን አቈጣጠር አራቱ ወንጌሎች በ1824፥ መላው መጽሐፍ በ1840 ታተመ። መቼም አማርኛውን በካይሮ አልተማረውም። በሽማግሌነቱ የፈሰሰው ቃል በልጅነቱና በጐልማሳነቱ ከእናቱ ምድጃና ከጐረቤቶቹ አፍ ያጠራቀመው ነው፤ ያን ጊዜ ማንም፥ እርሱም ራሱ፥ እንደ ሀብት አልቈጠረውም።

ወደ አባቴ የተመለስሁት ከ2 ዓመት በኋላ ነው። ነውር ነገር ከዋለ ከአደረ ይከብዳልና፥ እናንተ እንዲህ አትቈዩ። ወሩ ጥር ነበረ፤ አባቴ በዐውድማ ላይ በሬዎቹን በጤፉ ላይ ያዞር ነበር። በእግሩ ላይ ወደቅሁና በመንገድ ሳዘጋጅ የመጣሁትን ቃል ልናገር ጀመርሁ። ቃሌን ሳልፈጽም «ተነሥ፤ ነፋሱ ሳያልፍ መንሹን ያዝ» አለኝ። እስኪመሽ ድረስ አብረን ሠራን፤ ስለዚያ ቀን አንድም ቃል አልተናገረም።

በሚመጣው ወር ከደመወዜ ጫማ ገዝቼ ላክሁለት። ከዚያ በኋላ ወደ ቡሬ ገበያ ሲመጣ ልቀበለው ከከተማው ወጥቼ መንገድ ላይ ቆምሁ። ጫማውን በዱላው ጫፍ አንጠልጥሎ በባዶ እግሩ ሲመጣ አየሁት። ከከተማው ዳር ሲደርስ በድንጋይ ላይ ተቀመጠ፥ እግሩን በሣር ጠረገ፥ ጫማውንም አጠለቀ። ለምን በመንገዱ ሁሉ እንዳላደረገው ብጠይቀው «መንገዱንስ እግሬ ያውቀዋል፤ በባልንጀሮችህ ፊት እንዳታፍርብኝ ብዬ ነው» አለኝ። አህያውን ከእጁ ተቀበልሁና በገበያው መካከል አብረን ሄድን፤ በሻይ ቤቱም ደጃፍ ስናልፍ ባልንጀሮቼን ጠርቼ «አባቴ ነው» አልኋቸው።